ኅዳር ሲታጠን፤ የ1911 ዓ.ም. በሽታና እምነታችን



ኅዳር 12 ቀን በመጣ ቁጥር በአዲስ አበባ ሠፈሮች አንድ የታወቀ ነገር ይደረጋል። ሰው ሁሉ ግቢውንና ደጁን ይጠርጋል፤ የክረምቱን ጉድፍ፣ የደረቀውን ቅጠል፣ ያረጀውን ሰሌን ይሰበስብና እሳት ይለኩስበታል። ከተማው በጭስ ይሸፈናል። ልጆች በጭሱ መካከል እየተሯሯጡ ይጫወታሉ። ይህም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ታዲያ ለምን እንደሚታጠን ወጣቱን ብንጠይቀው «ድሮም ሲደረግ ያየነው ነው» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነም አንዳንዱ የበዓሉ ሥርዓት ይመስለዋል። የበዓሉ ሥርዓት ግን አይደለም። ከጭሱ ጀርባ ያለው ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት፣ ቀባሪም የጠፋበት ዘመን ታሪክ ነው። ቀባሪ የጠፋበት ዘመን ደግሞ ከማንም ይልቅ ዕድርተኛን ይመለከታልና በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ባነሣው ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ነገሩ የሆነው በ1911 ዓ.ም. ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነትና በእንደራሴነት ነበሩ። በአውሮፓ ከአራት ዓመት በላይ ሲፋጅ የቆየው የዓለም ጦርነት በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 2 ቀን አበቃ። ነገር ግን በጦር ሠፈርና በመርከብ ተጨናንቆ የኖረው ወታደር አንድ ብርቱ የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ይዞ ወደየአገሩ ተበተነ። ፈረንጆቹ «የስፔን በሽታ» አሉት። ከስፔን ስለ መነጨ አይደለም፤ ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሕዝቡ ልብ እንዳይሸበር ጋዜጦቻቸውን ሲያፍኑ፣ በጦርነቱ ያልገባችው ስፔን ጋዜጦች ግን ነገሩን በግልጽ ስለ ጻፉ ነው። እውነቱን የተናገረ ስሙ ይጠፋል፤ ይኼ መቼም በእኛም ዘንድ ያለ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ያለቀውን ሰው ሊቃውንቱ እስከ 50 ሚሊዮን ያደርሱታል፤ ጦርነቱ ራሱ ይህን ያህል አልፈጀም።

ወደ እኛ አገር እንዴት መጣ ለሚለው፣ በባሕር በኩል በባቡር መንገድ እንደ ወጣ ይታመናል። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳርቻ እስከ ደጋው ያለው ጉዞ በግመልና በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ስለ ነበረ፣ የታመመ መንገደኛ ወይ በመንገድ ላይ ይሽለዋል ወይ በመንገድ ላይ ይቀበራል። ባቡሩ ግን ጅቡቲ እየሳለ የተሳፈረውን ሰው በሦስተኛው ቀን፣ ገና እየሳለ፣ አዲስ አበባ አምጥቶ ያወርደዋል። ሥልጣኔ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሚያመጣው ጋር የሚመጣውንም ማሰብ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ በሽታው እጅግ የበረታው በኅዳር ወር ነው። ስሙም ከዚሁ የተነሣ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ሰውየው በጤናው ውሎ ማታ ራሴን ይላል፤ ትኩሳቱ ይነድዳል፤ ሳል ይይዘዋል፤ ነስር ይወርደዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ ያጥረዋል። አስገራሚው ነገር እንደ ሌላው ጉንፋን ሽማግሌውንና ሕፃኑን ብቻ አለመምረጡ ነው። በዓለም ሁሉ እንደታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ብርቱውን ሰው እያነሣ ጣለው። የሚያርሰው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ መቃብር የሚቆፍረው ጐልማሳ ወደቀ። በዋና ከተማዪቱ ብቻ የሞተው ሰው ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ይገመታል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በጥቂት አሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ የነበራት ከተማ መሆኗን ካሰብነው፣ ሰው ያልሞተበት ደጅ ጥቂት ነበር ማለት ነው።

ቀብሩን ልብ ብላችሁ አስቡት። በአገራችን ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል? ይገነዛል፣ ፍትሐት ይደረስለታል፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይሸኘዋል፣ በሦስተኛው ቀን ሳልስቱ ይወጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ሰው እየተፈራረቀ ያስተዛዝነዋል። በዚያ ኅዳር ይህ ሁሉ ቀረ። ካህናቱም ታመሙ፤ የቀሩትም ከአንዱ አስከሬን ወደ አንዱ ሲሉ ጉልበታቸው አለቀ። ቆፋሪ ስለ ጠፋ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሰው ተቀበረ። ጉድጓዱም በሚገባ ስላልጠለቀ ጅብ እያወጣ ይበላ ጀመር። ሟቹን ቤቱ ውስጥ ትቶ የሸሸ ሰው ነበረ፤ ሟቹን ለብቻው ተሸክሞ የቀበረም ነበረ። ከዚያ ዘመን የተረፉ ሽማግሎች ሲያወሩ፣ ከሞቱ ይልቅ የሚያስለቅሳቸው ሰው ያለ ሸኚ መቀበሩ ነበር።

ሕዝቡ ይህን እንዴት ተረዳው? የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ። ጾመ፣ ምሕላ ያዘ፣ ጸበል ጠጣ፣ ስዕለት ተሳለ። ዛሬ የተማረው ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እኔ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አላየሁበትም። ሐኪሙ መድኃኒት በሌለው፣ የበሽታውም ምክንያት በማይታወቅበት ሰዓት ሰው ወደ ፈጣሪው ካልጮኸ ወደ ማን ይጮኻል? ይህ ደግሞ በእኛ ታሪክ አዲስ ነገር አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ሳሉ ቸነፈር ስለ ገባ መቅሠፍቱ እንዲርቅላቸው በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸው በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። ከንጉሥ እስከ ድኻ የነበረው ተስፋ አንድ ዓይነት ነው።

አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ከበሽታው አላመለጡም። በብርቱ ታመው ለሞት ደርሰው ነበር። ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የዳንሁት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው የሚል አሳብ አስፍረዋል። እንግዲህ ሰውየው በእግዚአብሔር ቸርነት ድኛለሁ ካለ በኋላ ምን አደረገ የሚለውን ማየት ይገባናል። እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ሆስፒታል አሠሩ፤ ስሙንም ቤተ ሳይዳ አሉት። ቤተ ሳይዳ በዮሐንስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ በሽተኞች ፈውስ ሲጠባበቁባት የነበረችው መጠመቂያ ናት። ያ ሆስፒታል ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተጠርቶ ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል የምንለው ነው። ለሆስፒታል ከወንጌል ስም ማውጣት ለእርሳቸውም ለዘመኑም ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። እምነት በአንድ በኩል፣ ሕክምና በሌላ በኩል ቆመው የሚጣሉ አድርጎ ማየት ከኋላ የመጣ ልማድ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጭሱ እንመለስ። በሽታው በአየር ነው የሚመጣው፣ የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው የሚያመጣው የሚለው አሳብ በዚያ ዘመን በብዙ አገር የነበረ ነው። እኛም ቤት ቢሆን ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ይታጠናል፤ ምች የመታው ዳማከሴ ይታሽለታል። ስለዚህ «ከተማው ይታጠን» ሲባል ሰው በቀላሉ ተቀበለው። ጉድፉ ተጠርጎ ተቃጠለ፤ ከጊዜ በኋላም በሽታው ጋብ አለ። ሰውም ጭሱ አባረረው ብሎ ልማዱን ለልጅ ልጁ አወረሰ።

ጭሱ እንዳላባረረው ዛሬ እናውቃለን። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው፤ ከሰው የተለየውም እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ ማለትም ከኅዳር በሽታ 15 ዓመት በኋላ። የ1911 ዓ.ም.ን ቫይረስ ራሱን ደግሞ ሳይንቲስቶች በበረዶ ውስጥ ከተቀበረ አስከሬንና በሆስፒታል ተጠብቆ ከቆየ ናሙና አጥንተው ሙሉ ባሕርዩን የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ነው። ቅጠል ሲቃጠል አይሞትም። ቢሆንም አያቶቻችን ጨርሰው ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ግቢ መጥረግ፣ የሚሸተውን ማስወገድ፣ ዝንብ የሚራባበትን ማድረቅ ለተቅማጥና ለሌላው በሽታ መድኃኒት ነው። የተሳሳቱት በምክንያቱ ላይ ነው፤ መጥረጊያውን ማንሣታቸው ግን ትክክል ነበር።

ታዲያ ከዚያ በሽታ የዳነው ሰው በምን ዳነ? ለቫይረሱ ያን ጊዜ በዓለም ላይ መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪሞቹም ራሳቸው ታመሙ፣ የሞቱም ነበሩ። ትልቁ ነገር ማስታመም ነበር። ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። በሽታው ያልገደለውን ጥማትና ረኀብ ይገድለዋል። በዚህ ጊዜ ከጎረቤት አንዲት ሴት አጥሚት አፍልታ፣ ማሰሮ ውሃ ይዛ ከገባች፣ ትኩሳቱ እስኪበርድ አፉን ካረጠበችለት፣ ሰውየው ይነሣል። ይህን ማድረግ ደግሞ የሚቀል ነገር አይደለም፤ በሽታው እንደሚይዛት ታውቃለች። ስማቸው በየትም አልተጻፈም። እኔ ግን የኅዳር 12 ቀን መታሰቢያ ከጭሱ ይልቅ ለእነርሱ ቢሆን እወዳለሁ።

ይህ ነገር በክርስትና ታሪክ ሥር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ260 ዓ.ም. ገደማ በእስክንድርያ ቸነፈር በገባ ጊዜ የከተማዪቱ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሌላው ሰው ሕመምተኛውን ወደ ጎዳና እየጣለ ሲሸሽ ክርስቲያኖቹ ግን ታማሚ ሲያስታምሙና ሙታን ሲገንዙ አብረው እንደ ሞቱ ይተርካል። ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በስሙ ቅዳሴ የምንቀድሰው ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድኻ፣ ለእንግዳና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ አሠራ። ሐኪምና አስታማሚም አኖረበት። በቆዳ በሽታ የተጣሉትን፣ ሰው የሚሸሻቸውን እንኳ ያስገባ ነበር። መነኮሳቱ «ወደ ሐኪም መሄድ ከእምነት ጋር ይስማማል ወይ?» ብለው ሲጠይቁትም፣ ግብርና ለራብ እንደተሰጠ ሁሉ ሕክምናም ለሕመም የተሰጠ መሆኑን ገልጾ፣ ነገር ግን ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣል እንደማይገባ አስተማረ። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ይናገራል፤ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው ጌታ እንደሆነ። ጸልይ ይላል፤ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። ወንጌል የጻፈው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ይህን ያህል ያተትሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም በየሠፈራችን «እኔ በእግዚአብሔር ነው የማምነው» ብሎ የደም ግፊቱን ክኒን የሚጥል ሰው አለ። የስኳር በሽታ መርፌውን ቤት ጥሎ ለሁለት ሱባዔ ጸበል የሚገባ አለ። ከዚያ የሚሆነውን የዕድር ጥሩምባ ነፊ ከሁላችን በፊት ያውቀዋል። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ነገር ብዙ ሰው ጨረሰ። የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በእንጦጦ ጸበል ግን መድኃኒቱን ያቆመ ብዙ ሕመምተኛ ነበር፤ ሁለቱን መቀላቀል እምነት ማጉደል ነው የሚሉ ሰዎች ስለ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ክኒኑን በጸበሉ መዋጥ ይቻላል ማለት ነው። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት ባስልዮስ ካለው የራቀ አይደለም።

ዕድርን ራሱን በተመለከተ፣ ዕድርን የወለደው የኅዳር በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰው ሕዝብ፣ በተለይም የጉራጌ ተወላጆች፣ ከዘመድ ርቀው ሲኖሩ ቀባሪ እንዳያጡ ያቋቋሙት ነው የሚለው፣ እንዲሁም በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ የሚለው ይበልጥ ያሳምነኛል። ነገር ግን «ቀባሪ አያሳጣኝ» የሚለው ጸሎት በከተማው ሰው አፍ ውስጥ ክብደት ያገኘው ያን ኅዳር ካዩ ሰዎች ጋር እየኖረ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ከዚያ ወዲህ ዕድር ከቀብር ወዲያ ያለውንም ሥራ እየለመደ መጥቷል። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ወጣቱን ሲፈጀው፣ በየሳምንቱ ድንኳን መትከል የሰለቻቸው የአዲስ አበባ ዕድሮች «ሲሞት ከምንቀብረው በሕይወት ሳለ ለምን አንረዳውም?» ብለው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት ገቡ። ይህ በዕድር ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለዕድርተኛ የመጣው ፈተና ግልጽ ነው። ድንኳን ተክሎ መቀመጥ፣ ተቃቅፎ ማልቀስ፣ ከአንድ ትሪ ንፍሮ መዝገን ሁሉ ቀረ። ብዙ ሰው አዘነ፤ «ሬሳ እንደ ውሻ ተቀበረ» ያለም ነበር። እኔ ግን የ1911ዱን ሳስብ ልዩነቱ ይታየኛል። በ1911 ሰው ያለ ሸኚ የተቀበረው ሸኚው ስለ ሞተ ነው፤ በ2012 በጥቂት ሸኚ የተቀበረው ሌላው ሸኚ እንዳይሞት ነው። በየበሩ ጀሪካን ውሃና ሳሙና መቀመጡ፣ ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ ለኖረበት ሕዝብ አዲስ ሃይማኖት አልነበረም። ያሳዘነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ጀሪካኑ ከየበሩ በአንድ ወር ውስጥ መጥፋቱ።

እንግዲህ ስለ ዘንድሮው ኅዳር 12 ቀን። በአያቶቻችን ጊዜ የሚቃጠለው ቅጠል፣ ገለባና ሰሌን ነበር። ዛሬ ከየግቢው በሚወጣው ጉድፍ ውስጥ ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጎማ ጫማ አለበት። ይህ ሲቃጠል የሚወጣው መርዛም ጭስ አስም ላለበት፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሴት ክፉ ነው። በሽታ ለማባረር የተጀመረው ጭስ ራሱ በሽታ ሆነ። የዚያን ቀን ማታ ከልጅ ጋር ጤና ጣቢያ የሚሮጥ ወላጅ በየሠፈሩ አለ። ዝም ብሎ መጣሉም መልካም አይደለም፤ የከተማችን ጉድፍ ክምር በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መቅበሩን አንረሳውም። እነዚያንም የቀበሯቸው ዕድሮች ናቸው።

ስለዚህ የዕድራችን ኮሚቴ ለጠቅላላው ጉባኤ የሚከተለውን አሳብ አቅርቧል። ኅዳር 12 ቀን ከቅዳሴ መልስ አባሎች ሁሉ መጥረጊያና አካፋ ይዘው ይወጣሉ፤ የውሃ መውረጃው ቦይ ይጸዳል። ቅጠሉና ፍርፋሪው በአንድ ጉድጓድ ገብቶ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ፌስታሉና ጠርሙሱ ተለይቶ ጉድፍ ለሚሰበስቡት ማኅበራት ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ በአልጋ ላይ ያሉ አባሎች ቤት በሁለት በሁለት ሰው ይጎበኛል፤ ውሃ ያልቀዱ ይቀዳላቸዋል፣ ክኒን ያለቀባቸው ስማቸው ይመዘገባል። ከገንዘብ ያዡ ጋር በተደረገው ስሌት ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ቢቀነስ ለድኾች አባሎች የመድኃኒት መግዣ ይበቃል። አንዳንድ አባቶች ጭሱ ጨርሶ እንዳይቀር አጥብቀው ጠይቀዋል፤ ለእነርሱም በየግቢው ከገል ላይ ጥቂት ወይራና ዕጣን ብቻ ይጨስ የሚል አሳብ ቀርቧል። የቀረውን ጉባኤው ይወስነው።